መምህሩ መሪ የጨበጠ ሰሞን

ስሜ ሽብሩ ነው። ዲላ ውስጥ በአንድ የሙያ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ አስተምራለሁ። «አስተምራለሁ» የምለው ደመወዝ የሚከፈለኝ በዚህ ስም ስለሆነ ነው እንጂ፣ ለብዙ ዓመት እውነተኛው ሥራዬ ወጣቶችን ጠዋት ጠዋት ሰብስቦ ማስተኛት ነበር።

የተወለድኩት ጌዴኦ ውስጥ፣ ዱመርሶ ነው። አባቴ ቡና እየለቀሙ፣ እያሰጡ፣ እየሸጡ ነው ያስተማሩኝ፤ እኔ ግን ጭቃ የማይነካው ሥራ ነበር ምኞቴ። ኤሌክትሪክ ንጹሕ ሙያ መስሎኝ ገባሁበት። ተመርቄ ስወጣ ለካ ሙያው ኮርኒስ ውስጥ በሆድ መሳብ፣ የአይጥ ኩስ ማሽተትና በሰው ቤት መሰላል ላይ መንቀጥቀጥ ኖሯል። ስለዚህ ኮሌጁ መምህር ይፈለጋል ብሎ ማስታወቂያ ሲለጥፍ ሙጫው ሳይደርቅ የደረስኩት እኔ ነበርኩ። ሰማያዊ ጋዋን ተሰጠኝ። ፒንሳዬንና ካቻቢቴዬን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩ፤ ላፕቶፕ ከፈትኩ።

ከዚያ ወዲህ በስላይድ ሆነ ኑሮዬ። ስላይዶቹን ራሴ ነኝ የሠራኋቸው፤ ማለቴ ከኢንተርኔት ያወረድኳቸው ራሴ ነኝ። ግድግዳው ላይ አበራቸዋለሁ፣ ጀርባዬን ለክፍሉ ሰጥቼ ከላይ እስከ ታች አነባቸዋለሁ፣ ከዚያ ዞር ብዬ «ገባችሁ?» እላለሁ። «ገባን» ይላሉ ባንድ ድምፅ። ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። መብራት ሲሄድ ደግሞ፣ ዲላ ላይ መብራት ሄደ ብሎ የሚደነግጥ ሰው የለም፣ ስልኬን አወጣና ከስልኬ አነብላቸዋለሁ። ጨለማ ክፍል መሀል ቆሜ አምፖል እንዴት እንደሚበራ ሳነብ፣ ነገሩ የሚያስቅ መሆኑ አንድም ቀን አልታየኝም።

ወርክሾፕ አልነበረንም እንዳይባል ነበረን። ቁልፉ ግን እኔ ኪስ ውስጥ ነበር። ዕቃው እንዳይበላሽ ብዬ ነው። እውነትም አልተበላሸም፤ አንዳንዱ ማብሪያ ማጥፊያ ከነላስቲኩ ነበር።

ተማሪዎቹ «ሬዲዮ» የሚል ስም አውጥተውልኝ ነበር። መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ደስ ብሎኝ ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለፀሐይወርቅ ነገርኳት። ድምፄ ወፍራም ስለሆነ ነው አልኳት። እሷ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣

«ሬዲዮ እኮ ይናገራል እንጂ አይሰማም» አለችኝ።

ሽንኩርቱ ዓይኗን አቃጥሏት የምትናገረውን አታውቅም ብዬ አለፍኩት።

አምና ክረምት ሊገባ ሲል ተማሪዎቼ ለብቃት ምዘና ቀረቡ። ምዘናው ከውጭ የሚመጡ መዛኞች ፊት በእጅ ሠርቶ ማሳየት ነው፤ ሥዕል አይጠየቅበትም፣ ንግግር አይጠየቅበትም። የደረሳቸው ሥራ የደረጃ መብራት ነበር፤ ከታች አብርተኸው ወጥተህ ከላይ የምታጠፋው፣ አንድ አምፖል በሁለት ማብሪያ ማጥፊያ የሚታዘዝበት። በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ስላይድ አለኝ፤ ቀለሙም ያማረ ነው። ልጆቹ ሽቦው ፊት ቆሙና ተያዩ። አንዷ ሽቦ እንዴት እንደሚላጥ መዛኙን ጠየቀችው። ሌላው ናስትሮ፣ ያ የተላጠ ሽቦ የሚሸፈንበት ፕላስተር፣ ለምን እንደሆነ ስላላወቀ ጣቱ ላይ ጠቀለለው። ሲያበቃ፣ ያለፉት ተማሪዎቼ ባንድ ባጃጅ ተጭነው ቢሄዱ የማይጨናነቁ ነበሩ።

ምክንያት አላጣሁም። ትውልዱ ነው አልኩ። ስልክ ነው አልኩ። መሠረት ሳይዙ ነው የሚመጡት አልኩ። መዛኙ ፊቱ አያስደስትም አልኩ። የኮሌጁ ዲን ወይዘሮ የትምወርቅ፣ ራሳቸው ለረጅም ጊዜ ልብስ ስፌት ያስተማሩ ሴት ናቸው፣ ሁሉንም በትዕግሥት ሰሙኝና፣

«መምህር ሽብሩ፣ አዲሶቹ ተማሪዎች ሲገቡ አንድ ቀን ክፍልህ ገብቼ ልይ» አሉኝ።

መጡም። ጥቅምት ላይ፣ አዲሶቹ ከገቡ በኋላ፣ ከኋላ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። እኔ የዚያን ዕለት ሸሚዜን አስተኩሼ፣ ከስላይዶቼ ሁሉ የምወደውን መርጬ ነበር። የኤሌክትሪክን ምንነት እየተነተንኩ መሀል ላይ ዞር ስል ወይዘሮ የትምወርቅ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል። ትንሽም ያንኮራፉ ነበር። አጠገባቸው ያለው ልጅ ሊቀሰቅሳቸው ፈልጎ ሊደፍር አልቻለም። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ በወንበር መጎተት ድምፅ ነቁ።

«ይቅርታ፣ መምህር፣ ሌሊቱን እንቅልፍ አልነበረኝም» አሉ።

«አይዞዎት፣ ቤት ሄደው ይረፉ» አልኳቸው ከልቤ። ያመንኳቸውም ከልቤ ነው።

በዚያው ሰሞን ለኮሌጁ አንድ ያገለገለ ፒክአፕ መጣለት። ተማሪዎቻችን ከምዘናው በኋላ ወደ ሥራ ቦታ ለልምምድ ይወጣሉ፤ የኔዎቹ ብዙውን ጊዜ ይርጋጨፌና ወርቃ አካባቢ ያሉ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ይመደባሉ። መምህር ሄዶ ሊያያቸው ይገባል፤ መሄጃ ግን ስላልነበረን በስልክ «እንዴት ናችሁ?» ብለን «ደህና ነን» ሲሉን ነጥብ እንሰጥ ነበር። ወይዘሮ የትምወርቅ ስብሰባ ጠርተው፣ ሹፌር ለመቅጠር አቅም የለንም፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣ መምህር መኪናውን ይይዛል አሉ። እጄን ያወጣሁት ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ነው። ዓይኔ ላይ የመጣው የተማሪዎቹ ልምምድ አልነበረም። ክንዴን በመስኮት አውጥቼ በዲላ አስፋልት ላይ ስሄድ ነው ራሴን ያየሁት።

መንጃ ማሠልጠኛ ተመዘገብኩ። መጀመሪያ የክፍል ትምህርት ነው፤ መምህሩ አቶ ተክለብርሃን የሚባሉ ነበሩ። ግድግዳው ላይ የሞተር ሥዕል አበሩ። ጀርባቸውን ሰጡንና ማንበብ ጀመሩ። ስለ ፍሪሲዮን ያነባሉ፤ ሰሌዳው ሞተሩን ከማርሽ ያገናኛል፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ይለያያል፣ ሲለቀቅ ይጣበቃል። ጎኔ አንድ ባለሱቅ ተቀምጧል፤ እሱ ስልኩ ላይ ዋጋ ይጠያየቃል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ላይ በደንብ እየሰማሁ ነበር። ቀጥሎ የአቶ ተክለብርሃን ኮሌታ ከኋላ መገልበጡን ማየት ጀመርኩ። ቀጥሎ ቤት ውስጥ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ትዝ አለኝ። ከዚያ የሆነ ቦታ ጠፋሁ።

«ገባችሁ?» አሉ አቶ ተክለብርሃን ዞር ብለው።

«ገባን» አልን።

ከሁሉም በላይ የጮኸው የኔ ድምፅ ነበር። ምንም አልገባኝም። አፌ ራሱ ነው ያለው።  እዚህ ክፍል ውስጥ ሬዲዮ ማን እንደሆነ ለመገንዘብ ዲፕሎማ አያስፈልግም። አቶ ተክለብርሃን ደግሞ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ስላይዳቸው ቀለሙ ያማረ ነው።

የመሪ ልምምዱን የምታሠራኝ ነዋል ነበረች። ቤተሰቦቿ ዲላ ከገቡ የቆዩ ነጋዴዎች ናቸው፤ ሱቅም የጭነት መኪናም አላቸው። እሷ መንዳት የለመደችው እዚያው ግቢያቸው ውስጥ፣ በአባቷ አይሱዙ ነው። ከከተማው ዳር ወዳለ ሜዳ ወሰደችኝ።

«ማርሽ አንድ ያስገቡ፣ መምህር። ነዳጅ አይንኩ። ፍሪሲዮኑን ብቻ ቀስ ብለው ይልቀቁ» አለችኝ።

ለቀቅኩ። መኪናዋ እንደ ፍየል ዘልላ ጠፋች።

«እንደገና» አለች።

ዘለለች፤ ጠፋች። ይሄኔ ማዕረጌ ትዝ አለኝና ማብራራት ጀመርኩ። «ይሄ እኮ ነዋል፣ የሞተሩ ዙርና የማርሹ ዙር ሳይመጣጠን ሲቀር፣ በመካከሉ ያለው ሰሌዳ…»

«መምህር፣ እሱን ሻይ ስንጠጣ ይነግሩኛል። አሁን የምፈልገው የግራ እግርዎን ብቻ ነው።»

እንደገና አጠፋሁት። አልጮኸችም፤ እግሬንም አልነካችም፤ ስትሰለች በጣቷ ዳሽቦርዱን መታ መታ የማድረግ አመል ግን ነበረባት። ከዚያ ጠየቀችኝ።

«ከመጥፋቷ በፊት ምን ተሰማዎት?»

«ተንቀጠቀጠች።»

«እግርዎ የት ሲደርስ ነው?»

አሰብኩ። ዝም ብላ ጠበቀችኝ። የሚገርመው እሱ ነው፤ መልሱን እያወቀች ዝም አለች። እኔ ብሆን ጥያቄውን ጠይቄ፣ መልሱን መልሼ፣ ሁለት ስላይድ አልፌ ነበር።

«ግማሽ ላይ» አልኳት።

«እዚያ ላይ ሲደርሱ እግርዎን ያቁሙት።»

አቆምኩት። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ እንደ ዔሊ መንቀሳቀስ ጀመረች። ነዳጅ አልነካሁም፣ ማንም አልገፋንም፣ እየሄድን ነው። በሕይወቴ ብዙ ነገር አሳክቻለሁ ብዬ አስብ ነበር፤ የዚያን ዕለት የተሰማኝን ደስታ ግን ስመረቅም አላገኘሁትም። ያን ዕለት ሌላ ነገር አላስተማረችኝም። ፍሪሲዮን ብቻ። ነዳጁ በሌላ ቀን መጣ፣ ማርሽ መቀየሩ በሌላ ቀን፤ አዲሱን ከመጀመራችን በፊት ግን ሁልጊዜ የባለፈውን አንዴ ታሠራኛለች።

«ማስተማሩን የት ተማርሽው?» አልኳት አንድ ቀን።

«የትም አልተማርኩ። አባቴ ሲያሠራኝ ይጮህብኝ ነበር፤ ሲጮህ እግሬ ይደነዝዛል። ስለዚህ አልጮህም» አለች።

ከሜዳው ወጥተን አስፋልት የገባን ዕለት ግን ጉድ ሆንኩ። በከተማችን መሀል የሚያልፈው ወደ ሞያሌ የሚወስደው መንገድ ነው፤ ከባድ መኪናው፣ ባጃጁ፣ ሞተር ሳይክሉ እኩል ይጋፋበታል። ከገበያው አጠገብ ያለው ዳገት ላይ ከፊቴ ያለው ቆመ፣ እኔም ቆምኩ። እሱ ሲነሳ እኔ ጠፋሁ። አስነሳሁ፤ ጠፋሁ። ከኋላዬ ጡሩምባው ተጀመረ።  አንድ ባጃጅ ጎኔ መጥቶ ቆመ፤ ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው ጆሲ ነው፣ የኔ ተማሪ፣ አዲስ አበባ አንድ ክረምት ከርሞ ከተመለሰ ወዲህ የዲላ ልጅ መሆኑን የረሳ። ከኋላ ቤቴል አለች፣ ከዲላ ወጣ ብሎ ካለው ከጪጩ የምትመጣ ዝምተኛ ልጅ፣ የክፍሌ ተማሪ።

«ቲቸር፣ ፈታ ይበሉ። ፍሪሲዮኑን ቀስ» አለኝ ጆሲ አንገቱን አውጥቶ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ ደግ ነበር። ነዋል የእጅ ፍሬኑን ሳበችና፣

«ጡሩምባውን አይስሙ፤ ልጁንም አይስሙ። የግራ እግር ብቻ» አለችኝ።

ወጣሁ። ዳገቱን ጨርሼ ጥግ ይዤ ስቆም ሸሚዜን ብትጨምቁት አንድ ኩባያ ይሞላ ነበር።

በማግሥቱ ክፍል ስገባ ሰሌዳው ላይ ጭስ የሚተፋ መኪና ተሥሏል። ሥዕሉ ጥሩ ነበር፤ መነጽሬን እንኳ አልረሱም። ሁሉም ሳቁን አፍኗል፤ ሊፈነዳ ደርሷል። ላፕቶፔን ልከፍት ስል ቤቴል እጇን አወጣች። ዓመቱ ከተጀመረ እጇን ስታወጣ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

«ቲቸር፣ መንዳት ከባድ ነው?»

ቀላል ነው ልል ነበር። መምህር ነኝና። ግን ሰሌዳው ላይ ያለው ሥዕል እያየኝ እንዴት ልዋሽ።

«ከባድ ነው። ፍሪሲዮን እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ይሳሉ ብትሉኝ እሥላለሁ። እግሬ ነው ያላወቀው» አልኩ።

«እኛም እኮ እንደዚያው ነን» አለ ጆሲ ከኋላ። «ስላይዱን እናውቀዋለን። እጃችን ነው ያላወቀው።»

ማንም አልሳቀም። እኔም ሳላስበው፣ «እስካሁን ካስተማርኳችሁ ያልገባችሁ የቱ ነው?» አልኩ። ዝምታ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ጥሩ፣ ገብቷችኋል ማለት ነው» ብዬ እቀጥል ነበር። የነዋል ዝምታ ትዝ አለኝና እኔም ዝም አልኩ። ሬዲዮ ዝም ሲል ምን ያህል እንደሚከብደው ሬዲዮ ያልሆነ ሰው አይገባውም።  በመጨረሻ ቤቴል ጎንበስ ብላ፣

«ሁሉም፣ ቲቸር» አለች።

አልከፋኝም ብል ውሸት ነው። ምሳ አልበላሁም። ግን ከሰዓት በኋላ የወርክሾፑን ቁልፍ ከኪሴ አወጣሁ።

የመጀመሪያው ቀን ጥፋት ነበር። ንስሐ የገባ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ባንድ ጊዜ ጻድቅ ልሁን አልኩ። ሽቦውን፣ ሶኬቱን፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩና፣ «በሉ ሥሩ፣ በመሥራት ነው የሚለመደው» አልኳቸው። ሠሩ። ሁሉም ባንድ ጊዜ፣ ሁሉም በየራሱ ሐሳብ። አንዱ ቀዩን ከጥቁሩ አስሮ ሰካው፤ አንድ ነገር ጧ አለና የኮሌጁ ሕንጻ በሙሉ ጨለመ። ቢሮ ውስጥ ፈተና እየታተመ ነበር። ወይዘሮ የትምወርቅ በረንዳ ላይ ወጥተው፣ «መብራት ሄደ?» ሲሉ ሰማሁ። እኔም ከወርክሾፑ በር ላይ ራሴን እየነቀነቅኩ፣ «ይሄ መብራት እኮ አስቸገረን» አልኩ። ሄጄ ብሬከሩን ቀስ ብዬ መለስኩት። ልጆቹ አልተናገሩብኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ከልጆቹ ጋር ትንሽ ተዛመድን።

እንደገና ሳስበው ነዋል አስፋልት ላይ አይደለም የጀመረችኝ፤ ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ ኃይል የሌለበት ጣውላ አዘጋጀሁ፤ ቢሳሳቱም የሚቃጠል ነገር የለም። መጀመሪያ ሽቦ መላጥ ብቻ። ሽቦ መላጥ ለአንድ ሙሉ ጠዋት ትምህርት ይሆናል ቢሉኝ ድሮ እስቅ ነበር። ሁለት ሁለት አድርጌ አጣመርኳቸው፤ ቀድሞ የገባው እጁን ወደኋላ አጣጥፎ በአፉ ብቻ ይመራል፣ ያልገባው ነው መሣሪያውን የሚይዘው። ጆሲ እጁን አጥፎ መቆም ስለማያስችለው ቀበቶው ውስጥ እንዲያስገባው አስገደድነው። ሥራው ላይ ኃይል ከመለቀቁ በፊት ሌላ ጥንድ መጥቶ ይፈትሸዋል። ጠዋት ስንገባ ደግሞ ስላይድ የለም፤ ያለፈው ሳምንት ሥራ አንዴ በእጅ ይደገማል።

ሌላም የቀየርኩት አለ። ክፍሌ ውስጥ ጌዴኦኛ ከልክዬ ነበር። «የሙያ ቋንቋ ተናገሩ» እላለሁ፤ እኔ ራሴ በሕልሜ የምሰደበው በጌዴኦኛ ሆኖ ሳለ። ወርክሾፕ ውስጥ ከኋላቸው ቆሜ ስሰማ፣ ቤቴል ለጓደኛዋ የሽቦውን መንገድ ቡና ማጠቢያ ላይ ውኃ በየቦዩ እንደሚከፋፈል አድርጋ በቋንቋችን አስረዳቻት። ልጅቷ ወዲያው ገባት። እኔ ለዓመታት ያንኑ ነገር በእንግሊዝኛ ሳነብ የኖርኩ የዱመርሶ ልጅ ነኝ።

የደረጃ መብራቱ ዘመን ደረሰ። መጀመሪያ እኔ ሠርቼ ላሳያቸው ከበቡኝ። ጋዋኔን ቆልፌ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ዝም ብዬ ሠራሁ፤ ቀጥሎ እያስረዳሁ ልደግመው ነው ዕቅዴ። አሰርኩ፣ አጠበቅኩ፣ ኃይል ለቀቅኩ። የታችኛውን ስጫን በራ። የላይኛውን ስጫን ጠፋ። እንደ ካህን ፊታቸውን ሁሉ አየሁ። ከዚያ የታችኛውን መልሼ ስጫነው አምፖሉ ዝም። ጫንኩ። ዝም።

በእጄ ሽቦ ከያዝኩ ስንት ዓመቴ ነበር? መሳቢያው ነው የሚያውቀው።  አምፖሉ ነው ልል አሰብኩ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ከፋብሪካው ነው ልል አሰብኩ። ጆሲ ጠጋ ብሎ፣

«ቲቸር፣ እንፈትሸው?» አለኝ።

«ፈትሹት» አልኩና ወደኋላ ሄድኩ።

ኃይሉን መጀመሪያ አጠፉት፤ ሳልነግራቸው። ቴስተሩን ያዙ። ሁለቱ ጫፍ ጫፍ ይዘው ሽቦውን በጣታቸው ተከተሉት፤ ሌሎቹ ይከራከራሉ፤ አንዱ ተሳስቶ ሌላው ይመልሰዋል። ክፍሉ እንዲህ ነቅቶ አይቼው አላውቅም። ቤቴል ናት ያገኘችው፤ የላይኛው ላይ ዋናው ሽቦ በሚገባበት ቦታ ሌላውን አስሬያለሁ።

«እዚህ ጋ ነው። ቲቸር ሆን ብለው ነው?» አለችኝ።

«ሆን ብዬ ነው» አልኩ።

ጆሲ ወደ ኮርኒሱ ቀና አለ። ከዚያ ወዲህ ግን እውነትም ሆን ብዬ አበላሽቼ አቀርብላቸው ጀመር፤ ፈልገው ያገኙትን እንደ ስላይዱ ሥዕል አይረሱትም። ችግሩ ሳላስበው የሳትኩትንም ሆን ብዬ ነው እላለሁ፤ እነሱም ለይተው ያውቁታል፤ አንድም ቀን ግን አላዋረዱኝም።

የኔ የመንጃ ፈተና ከእነሱ ምዘና ቀደመ። ወደቅኩ። ዳገቱ ላይ አይደለም፤ ዳገቱን እንደ ንጉሥ ወጣሁት። የወደቅኩት ወደኋላ ስገባ ነው፤ ለምልክት ከቆሙት የፕላስቲክ ሾጣጣዎች አንዱን ረገጥኩ፣ ደንግጬ ሌላውን ደገምኩ። ክፍል ገብቼ ነገርኳቸው። አንድ ሁለቱ በጭብጨባ ሊያጽናኑኝ ሞከሩ፤ ነዋል ደግሞ ስትሰማ፣ «ጥሩ፣ አሁን ምን መለማመድ እንዳለብን አወቅን» ብላ ሜዳው ላይ ሁለት ጀሪካን አቆመችልኝ። በሁለተኛው ፈተና አለፍኩ። ጀሪካኖቹን ሳይሆን ሾጣጣዎቹን ማለቴ ነው፤ ጀሪካኖቹ አልተረፉም።

ተማሪዎቼ ሲመዘኑ እኔ ውጭ ግቢ ውስጥ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ወዲያ ወዲህ እላለሁ። አብዛኞቹ አለፉ። ሁሉም አላለፉም፤ ጆሲ ቸኩሎ ሳይፈትሽ ኃይል ለቆ ወደቀ፤ ሁለት ወር ተለማምዶ ተመልሶ አለፈ። ወይዘሮ የትምወርቅ ውጤቱን አይተው ቢሮ ጠሩኝ።

«ምን አድርገህ ነው?» አሉኝ።

ረዘም ያለ ማብራሪያ አዘጋጅቼ ነበር፤ በነጥብ በነጥብ የተከፈለ። አፌን ስከፍት ዓይናቸው ቀስ ብሎ ሊከደን ሲል አየሁና፣ «መጥተው ይዩ፤ ወንበር ግን የለንም፣ ቆመው ነው» አልኳቸው። መጡ። ቆመው ቆዩ፤ ኋላም ልብስ ስፌት የሠሩ እጆቻቸው አላስችል ብለዋቸው አንዲት ተማሪ ሽቦ ስትልጥ ፒንሳውን እንደ መቀስ እንድትይዘው መከሯት።

ልጆቹ ለልምምድ የወጡ ጊዜ ፒክአፑን ይዤ ወርቃ ሄድኩ። መንገዱ ላይ ካንዱ ዳገት ወደ ሌላው ስወጣ ከኋላዬ የተሰለፉት መኪኖች ሠርግ የምናጅብ ያስመስሉን ነበር። ክንዴን በመስኮት ማውጣቱ ቀርቶ ሁለት እጄን ከመሪው ላይ ለማንሳት አልደፈርኩም። ማጠቢያ ጣቢያው ስደርስ ቤቴልና ጓደኛዋ የሠራተኞቹን ማደሪያ መብራት ዘርግተው እየጨረሱ ነው፤ ደረጃው ላይ ያለውን ጨምሮ። ላየው ጠጋ አልኩ።

«ቲቸር፣ ትንሽ ወደዚያ ይበሉ፤ ገና ፈትሸን አልጨረስንም» አለችኝ።

ወደዚያ አልኩ። እንጨት ላይ ቁጭ ብዬ ቆጮ ይብሉ ሲሉኝ በላሁ። ፈትሸው ሲያበቁ ሊያሳዩኝ ቢሉ መብራት የለም፤ አካባቢው ሁሉ ጠፍቷል። ጠበቅን። ቡናው የሚታጠብበት ቦይ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ቤቴል በቴስተር ያየችውን፣ እያንዳንዱ ሽቦ ከየት ወዴት እንደሚሄድ፣ በጣቷ እየመራች ነገረችኝ። አንድ ቦታ ላይ የማርማት መስሎኝ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ልክ እሷ ነበረች። መምሸቱ ስለሆነና በጨለማ መንዳት ገና ስላልደፈርኩ ተነሳሁ።

ዳገቱ መሀል ስልኬ ጮኸ። ማንሳት አልቻልኩም፤ ሁለት እጄ መሪው ላይ፣ ልቤ ፍሪሲዮኑ ላይ ነው። ደግሞ ጮኸ። ይርጋጨፌ ደርሼ፣ መኪናውን ከመንገድ አውጥቼ፣ የእጅ ፍሬን ስቤ፣ ትንፋሼን ሰብስቤ ነው መልሼ የደወልኩት።

«ቲቸር፣ መብራት መጣ። ከታችም ከላይም ይሠራል። ዘበኛው ደረጃውን ሲወጣ ሲወርድ ነው ያለው» አለች ቤቴል።

ስለ ደረጃ መብራት ታሪክና ጥቅም ጥቂት ልናገር ፈልጌ ነበር።

«ጎበዝ» አልኳትና መኪናዬን አስነሳሁ። ጠፋ። እንደገና አስነሳሁት።